ግድግዳው ላይ የወጣችው እናቴ

ሞላሌ ስማር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ እናቷ በልጅነቷ የሞተችባት ናት፤ የኔ እናት ግን በየገበያው ቀን ከገጠር ስንቅ ይዛልኝ ትመጣለች። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ትምህርት ቤታችን አዲስ ፎቅ ተሠርቶለት ነበርና ወደ ገበያው የሚያየው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል እንዲሳልበት ተወሰነ። ሥዕሉ ካሸነፈ የተማሪ ግጥም ይወጣል ተባለና ተወዳደርን።

እኔ ስለ አገር ጻፍኩ። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ባንዲራውን አንድም ሳላስቀር ደረደርኩት። እንደማሸንፍ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ያሸነፈችው እሷ ሆነች። የጻፈችውም ስለ እናቴ ነው። ስለ እናቴ!

ከልጇ ትከሻ ትከሻዬን ለክታ፣
ባና ደረበችኝ ከላይዋ አንስታ።

እውነቷን ነው። አንድ ብርዳም ጠዋት እናቴ ክፍላችን መጥታ ጓደኛዬ ስትንቀጠቀጥ አየችና፣ ራሷ ከበግ ጠጉር የፈተለችውን ባና ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰቻት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እቆረጥም ነበር። አብረን ያየነውን እሷ ብቻ ጻፈችው፤ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ደግሞ ፊት ለፊት "አንቱ" የምትላትን እናቴን በግጥሟ "ደረበችኝ" ትላታለች፤ የወለደቻት ይመስል!

ሰዓሊው የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ወጥቶ ሲስል ጓደኛዬ ከታች ቆማ የእናቴን መልክ ትነግረዋለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። በየቀኑ እየሄድኩ እንከን ፈለግሁ። አፍንጫዋን አገዘፈው፣ እጇን አጠቆረው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አማሁት። ግን ቁርጥ እሷን ነበር። ባናውን ዘርግታ ጎንበስ ያለች፣ ፎቁን የምታክል እናቴ። ከእግሯ ሥር ግጥሙ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ።

በገበያ ቀን እናቴ መጣች። ማንበብ አትችልም።

"እስቲ አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ አስለቅሻት አላውቅም፤ በደስታ ማለቴ ነው።

"ያንቺስ የታል?" አለች ዞር ብላ።

ግድግዳው ላይ የኔ የሆነ ነገር ፈልጌ ፈልጌ፣ "ከልጇ" የምትለው ቃል ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

"ይቺ እኔ ነኝ" አልኳት።

መዳፏን አስጠግታ ዳበሰቻት።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በመጣች ቁጥር የራሷን ምስል ቀና ብላ ሳታይ ያቺን ቃል ዳሰስ አድርጋ ታልፋለች። አንድ ቀን ጓደኛዬ ግራ ገብቷት፣ "እማማ ሁልጊዜ እዚያች ላይ ምን አግኝተው ነው የሚዳስሱት?" ብላ ጠየቀችኝ።

አልነገርኳትም።