ሥጋ ያልነካው ድስት

ጓዳዬ ውስጥ ለብቻው መደርደሪያ ያለው አንድ ድስት አለ። ጎኑ ጎድጉዷል፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። ልጆቼ ጣዪው ይሉኛል፤ አልጥለውም። ምስር ስቀቅልበት እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ የአሰብ ሙቀትና የባሕሩ ጨው ሽታ ድቅን ይሉብኛል።

አባቴ እዚያ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበር። ቅዳሴ አያስቀርም፤ ታሞ እንኳ ጾም አይገድፍም። አጥር የሚጋሩን ከወሎ የመጡ ሙስሊም ባለሱቅና ሚስታቸው ነበሩ። ሴትዮዋን እትዬ እላቸው ነበር። በየፋሲካው ለእትዬ አንድ ቄብ ዶሮ ለብቻ ይገዛል፤ ባላቸው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል፣ እናቴ በተለየ ድስት ትሠራዋለች። እንዳይምታታም በእሳቸው ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስራለች።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ እኔ ከንቱ፣ ያንን ክር ፈትቼ ፀጉሬን አሰርኩበት። መስታወት ፊት ቆሜ ስጠግብ መልሼ አሰርኩት፤ ከየትኛው ድስት እንደፈታሁት ግን ልብ አላልኩም። ምግቡን ለእትዬ ያቀረብኩትም እኔው ነኝ። በልተው፣ እጃችሁ ይባረክ ብለው ሄዱ። እናቴ የቀረውን ድስት ስትከፍት የእሳቸውን ቄብ ትንንሽ ብልቶች አየች። እትዬ የበሉት አባቴ በስመ አብ ብሎ ያረደውን አውራ ዶሮ ነበር።

ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ተነሳሁ። አባቴ በሩን ዘጋው።

"ሳያውቁ ለበሉት አላህ አይጠይቃቸውም" አለኝ። "ዝም በይ።"

የሃይማኖት ሰው ነውና አመንኩት። እውነቱን ልናገር፣ ማመኑ ተመችቶኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እትዬ ጉንጬን በሳሙኝ ቁጥር ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። እሳቸው ደግሞ ልጅቷ አድጋ ዓይነ አፋር ሆነች እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የመጣ ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አሰብን ለቀን ወጣን። ጓዛችን ተጭኖ የመኪናው ሞተር ከተነሳ በኋላ እትዬ ይህን ድስት በሻሻቸው ጠቅልለው እየሮጡ መጡ። ምስር ወጥ ነበር፤ ገና ይፋጃል።

"ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ነው፣ ዛሬ ነው ያወጣሁት" አሉት አባቴን። "ማማሰያውም አዲስ ነው። ጾማችሁን በኔ እጅ አትፈቱም፣ ጋሼ።"

አባቴ ድስቱን ተቀብሎ አጠገቤ አስቀመጠው። መኪናው ሲንቀሳቀስ እትዬ አቧራው ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልን ነበር። በመንገዱ ሁሉ አባቴ ከዚያ ምስር አልቀመሰም። እኔ ግን በላሁ፤ እያለቀስኩ በላሁ።

አባቴ ሊሞት ሰሞን የንስሐ አባቱ ተሰናብተው እንደወጡ እጄን ያዘኝ። "እትዬን ካገኘሽ ንገሪያቸው" አለኝ።

አላገኘኋቸውም። ድስቱን ግን እስከ ዛሬ ሥጋ አላስነካሁትም።