አሥራ አንድ ብቻ ነበርን

ኮሌጃችን ቡድን ያቋቋመ ዓመት፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ኳስ ተጫዋች ነኝ የሚል ሞልቶ ነበር፤ ብርዱን ችለን በልምምድ የጸናነው ግን አሥራ አንድ ብቻ ነን። ተቀያሪ የለንም። አሰልጣኛችን የብየዳ መምህሩ ነበር፤ የጎሉን ብረት የበየደውም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንሸነፍ ከረምን። ለመጨረሻው ጨዋታ ዲኑ፣ "ከተሸነፋችሁ ማልያውን መልሱ" አለን።

እሑድ ጠዋት ለጨዋታው ወደ ሞላሌ ስንነሳ አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ስልኮቻችንን በፌስታል ሰበሰበ። አባቴ የዚያን ዕለት ማለዳ አርፎ ኖሯል። አጎቴ "ለቀብሩ ይድረስ" ብሎ ሲደውል ስልኬን ያነሳው አሰልጣኙ ነው። ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። መንገድ ላይ ሚኒባሱን አስቁሞ ሌሎቹን ለብቻ ሲያነጋግራቸው፣ እኔ ከሾፌሩ ጋር ስለ ጎማ አወራ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ንጋት ላይ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ ነው። አሰልጣኙ በእሱ ቤት ወግ መጠበቁ ነበር። ለቀብር የተጠራን ልጅ ማስቀረት ግን የማንም ወግ አይደለም።

ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ያን ቀን ኳስ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ለምኜው የማይሰጠኝ የግራ ክንፋችን እንኳ፣ ራሱ ማግባት ሲችል አሳለፈልኝ። ሁለት አገባሁ። ማንም አላቀፈኝም። አሸንፈን ስንወጣ በረኛችን አቀርቅሮ ጓንቱን ይፈታ ነበር።

"ቲቸር፣ ልጆቹ ምን ሆነው ነው?" አልኩት።

"ደክሟቸው ነው። አንተ ብላ" ብሎ ዳቦ አቀበለኝ።

ስልኬንም ባትሪ ጨርሷል ብሎ አልሰጠኝም።

ሰኞ ንጋት ላይ የተከራየሁት ቤት በር ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎችና አሰልጣኙ ናቸው። ሲነግሩኝ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ አልወደቅሁም፣ አልጮህኩም።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

አሰልጣኙ መሬት መሬት አየ። ያኔ ገባኝ። ልናደድበት ፈለግሁ፤ ንዴቱ ግን አልመጣ አለ። ጫማዬን አሰርኩ፣ አብረን ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድን።

እናቴ ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። ድምጿ በልቅሶ ተዘግቶ ነበር።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጠበቅኋቸው እኮ" አለችኝ። "ካህናቱ መሸብን ሲሉ፣ እባካችሁ አባቶቼ፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ አፈር ሳያለብሰው አባቱ አይሂድ እያልኩ። ምን ያዘህ፣ ልጄ?"

አሰልጣኙ ከኋላዬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ነበር። ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

"ኳስ ስጫወት ነበር" አልኳት።

እናቴ እጇን ከአንገቴ ላይ አነሳች።