በአዲሱ እንቁላል የታረቁት አማት

አዩዌ ያን ቀን እግሯ መሬት አልነካም! ጠዋት የዳክዬዎቹን ማደሪያ ስትከፍት ገለባው ላይ አንድ እንቁላል፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ገና ትኩስ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ዳክዬ ስታይ የምትሸሽ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። ጂንመን ደሴት ላይ ዳክዬ አርቢ ቤት ስትዳር ጎረቤቱ ሁሉ ስቆባታል። የፊተኛው መንጋ በወፍ ጉንፋን ተመትቶ፣ የተረፈውንም ነጭ መከላከያ የለበሱ የመንግሥት ሰዎች ገድለው ሲቀብሩት ግን እንደ ሰው ሞት ያለቀሰችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው እንቁላል ነው።

በሽርጧ ይዛው ስትፈነድቅ ስልኳ ጮኸ። የባሏ ታላቅ እህት አጂን ናት፤ በፎቷቸው ፊት ምግብ ለሚቀርብበት ለአባቷ ሙት ዓመት ከባሕሩ ማዶ፣ ከሺያመን ከተማ፣ በጀልባ እየመጣች ነው። ፊቷ ስልኩን ሞልቶታል።

«ምን እንደያዝኩ ገምቺ!» አለች በሹክሹክታ። «የአባባን የትውልድ አገር ዳክዬ! በጨው የደረቀውን። ቀሚሶቼ መሃል ሸጉጬዋለሁ።»

አዩዌ ክው አለች። «እሳት ያልነካውን? እትዬ፣ በሞቴ! እሱን የምናጥብበት ውሃ እኮ የሚወርደው ዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ነው። ጨው ለዚያ በሽታ ዋስ አይሆንም! ከፍተሻው በፊት ያለው የተከለከለ ምግብ መጣያ ሣጥን ውስጥ ጣይልኝ።»

«አባባ እስኪሞቱ የናፈቁትን? ጉድ ፈላ! ለዳክዬሽ ብለሽ አማትሽን ጦም ልታሳድሪ!»

«እንግዲያው ራሳቸውን እንጠይቃቸው!»

ስልኩን ከሟቹ ፎቶ አጠገብ አቁማ ሙታን የሚጠየቁባቸውን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉትን ሁለት እንጨቶች አነሳች። ሲወረወሩ አንዱ ተደፍቶ አንዱ ከተንጋለለ እሺ ብለዋል ማለት ነው።

«አባባ፣ በዳክዬው ፈንታ ኑድል ልሥራልዎ?»

ወረወረቻቸው፤ ሁለቱም ተደፉ። አይሆንም!

«ይኸው!» አለች አጂን። «የአባቴን ሆድ ለኔ ተይው።»

«የባሕር ዛጎል ሥጋ ጥብስስ ብጨምርበት?»

ሁለቱም ተንጋለሉ። አባባ እየሳቁባት ነው።

«ፍጠኚ እንጂ፣ ጀልባው ሊጠጋ ነው!»

አዩዌ እንቁላሉን ከሽርጧ አውጥታ ፎቶው ፊት አስቀመጠች። «አባባ፣ ይኸው የቤትዎ በኩር። ከእርስዎ በፊት ማንም አይቀምሰውም። ያ ዳክዬ ከገባ ግን ሁለተኛ እንቁላል የለም!»

ወረወረች። አንዱ ተደፋ። ሌላው ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ... ተንጋለለ!

«እሺ አሉ!» ሁለቱም እኩል ጮኹ። ጀልባው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አጂንን አያት።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ውስጥ አንድ ሣጥን ታየ፤ ዱብ የሚል ድምፅም ተሰማ።

«አንቺ ደላላ!» አለች አጂን። «አባቴን በአንድ እንቁላል ሸነገልሽብኝ።»

«ስትገቢም ጫማሽን በር ላይ ባለው በሽታ ገዳይ የኖራ ውሃ ንከሪ!»

«ደሞ ጫማዬ ምን አደረገሽ?»

ከማደሪያው በኩል አንዲት ዳክዬ በደስታ ስትጮህ ሰምታ አዩዌ ሁለተኛውን እንቁላል ልታነሳ እየሮጠች ነበር።