በሜዳው መሀል የተሰጠ ቃል

ይህ የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበጋው መገባደጃ፣ ጅግጅጋ ውስጥ በሚገኝ ስታዲየም ነው። የእግር ኳስ ሰው ሆኜ አላውቅም፤ ስለ ኳስ እጽፋለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሊፈጽመው ያላሰበውን ቃል በእኔ አንደበት አሳልፎ ለሰዎች ስለ ሰጠ፣ ነገሩ ከውስጤ ሊወጣ አልቻለም።

የክለቡን ስም አልጠቅስም። ከጨዋነት የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ በብዕሬ ጫፍ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ተወልጄ ያደግሁት ጅግጅጋ ነው። አባቴ ከመሐል አገር መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ሶማሊኛን የለመድሁት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስሯሯጥ ነው፤ በኋላም በዚያችው ከተማ ለረጅም ዘመን ታሪክ አስተማርሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከመጻሕፍቴ ጋር በዝምታ እኖራለሁ። ሰው ካልጠራኝ አልናገርም።

በዚያን ጊዜ የጠራኝ ለአንድ ጨዋታ የተቋቋመ የአቀባበል ኮሚቴ ነበር። አገር አቀፉ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለአማተር ቡድኖችም ክፍት ሆኖ፣ የፕሪሚየር ሊግ ክለብና የወረዳ ቡድን በአንድ ዕጣ ውስጥ ገቡ። ዕጣው አንድን የመሐል አገር ትልቅ ክለብ ከቱሊ ጉሌድ ልጆች ጋር አገናኘ። ቱሊ ጉሌድ ከጅግጅጋ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ጨዋታው በጅግጅጋ እንዲካሄድ ሲወሰን፣ ለእንግዶቹ አስተርጓሚ ሆኜ እንድውል ተለመንሁ፤ እሺ አልሁ።

የክለቡ የቡድን መሪ ፈገግታው ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። የታሪክ መምህር እንደ ነበርሁ ሲሰማ ወዲያው “ፕሮፌሰር” ይለኝ ጀመር። ፕሮፌሰር አለመሆኔን ነገርሁት፤ አልሰማኝም። የቱሊ ጉሌድ ልጆች እርስ በርሱ የማይመሳሰል ጫማ አድርገው ሲያሟሙቁ አየና፣ እነዚህን ለማሸነፍ በአውሮፕላን መምጣታቸው እንደሚያሳፍር ተናግሮ ሳቀ። በዙሪያው የነበሩት መጀመሪያ እሱን አዩ፤ ቀጥሎ ሳቁ። ለቀልዱ ሳይሆን ለደመወዛቸው እንደ ሳቁ ያስታውቅ ነበር።

የልጆቹ አምበል ማሃድ ይባላል። በጅግጅጋና በቱሊ ጉሌድ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ነው። ቢያሸንፉ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ትልቅ ክለብ እዚያው ጅግጅጋ ይገጥማሉ። በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ዳግመኛ እንደማይመጣ ራሱም ቡድኑም ያውቁ ነበር።

ከዕረፍት መልስ ማሃድ ከሩቅ ቅጣት ምት መታ። የእንግዶቹ ግብ ጠባቂ የጅግጅጋን ነፋስ አያውቅም። ኳሱን ፈልጎ ወደ ፊት ሮጠ፤ ኳሱ ደግሞ በነፋሱ ላይ ተንሳፍፎ ከራሱ በላይ አለፈና መረብ ውስጥ ዐረፈ። ከቱሊ ጉሌድ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣው ሰው ሁሉ ቆመ። የቡድን መሪው ፈገግታ የት እንደ ሄደ አላየሁም።

ጥቂት ቆይቶ የክለቡ ተከላካይ ኳስ በሌለበት ቦታ ማሃድን በጥፊ መታው። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። የመስመር ዳኛው ግን ፊት ለፊቱ ሆኖ፣ አላየሁም አለ።

ጥፊ በሶማሌ ዘንድ ከዱላ የከፋ ነው። ማሃድ እጁን ጨብጦ ቆመ። ደጋፊው ሊወርድ ሲነሣ፣ ከቱሊ ጉሌድ የመጡት ሽማግሌዎች ቀድመው ፊቱን በምርኩዛቸው አገዱና ሁሉም ባለበት እንዲቀመጥ አዘዙ። ከዚያ ራሳቸው ወደ ሜዳው ገቡ። ጫማቸውን ጠርዙ ላይ አወለቁ። መሀል ሲደርሱ ክብ ሠርተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

እግር ኳስ በሽምግልና እንደማይዳኝ አላሰቡትም። በእነሱ ዐይን ሰው ተደፍሯል፤ የተደፈረ ሰው ጉዳይ ሳይታይ ሌላ ሥራ አይቀጥልም። ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ዩሱፍ ማሃድን እጁን እንዲያወርድ አዘዙት። አወረደ፤ ጣቶቹ ግን አልተፈቱም። ቀጥለው የመቺው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የቡድን መሪውን አሳየኋቸው።

ዳኛው ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ጨዋታውን እንደሚያስቀጥል፣ ካልተስማሙ ግን እንደሚያቋርጥ ለቡድን መሪው ነገረው። የቡድን መሪው ሰዓቱን አየ። የቀረው ጊዜ ለክለቡ የሚበቃው መሰለውና መጥቶ በሽማግሌዎቹ መካከል ተንበረከከ።

ልጁ አጥፍቷል አለ። ይቅርታ ጠየቀ። ለተደፈረ ሰው የሚቀርበውን፣ ሶማሌዎች ሐል የሚሉትን የዕርቅ ካሳ፣ ጨዋታው እንዳለቀ እንደሚፈጽም ተናገረ። ሐጂ ዩሱፍ ግን በዚህ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

“እኛ እዚህ መግባታችን በልጆቻችን ላይ ይቆጠራል ወይ? ጠይቀው” አሉኝ።

ጠየቅሁት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

“ኧረ በፍጹም፣ ምን በወጣቸው። ክስ የሚባል ነገር ከእኛ አይመጣም።”

“ቃል ሰጥቷል ብዬ ልንገራቸው?”

“ቃሌ ነው በሏቸው፣ ፕሮፌሰር።”

ነገርኋቸው። አንዳች አልጨመርሁም፤ አንዳች አልቀነስሁም። የጨዋታው ኮሚሽነር ትከሻዬ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ተርጉሜ ስጨርስ የማሃድ ጣቶች ተፈቱ። ተከላካዩ ግንባሩን ሳመው፤ የዕርቁ ጸሎት፣ ፋቲሃ፣ ተቀራ፤ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አንሥተው ወጡ።

ክለቡ በቀረው ጊዜ ግብ አላገባም። ቱሊ ጉሌድ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። እንግዶቹ ሳይታጠቡ አውቶቡሳቸው ውስጥ ገቡ። ስለ ሐሉ ላስታውሰው ወደ ቡድን መሪው ስጠጋ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ተሰናበተኝ። የሚደውልለት ሰው እንዳልነበረ ከስልኩ ጨለማ መስተዋት አወቅሁ።

በሳምንቱ ውሳኔ ተሰማ። ክለቡ ከስሶ ነበር። ዱላ የያዙ ሰዎች ሜዳውን ወረሩ ብሏል። ዱላ የተባሉት፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንቶች የሚደገፉባቸው ምርኩዞች ናቸው። ይቅርታውም ስምምነቱም በማስፈራራት የተገኘ ነው ተብሏል። ማስፈራሪያውን ያደረሰው ደግሞ አስተርጓሚው ነው። አስተርጓሚው እንግዲህ እኔ ነኝ። የቱሊ ጉሌድ ድል ተነጥቆ ለክለቡ በፎርፌ ተሰጠ።

ኮሚሽነሩ ተጠይቆ፣ ንግግሩ በሶማሊኛ ስለ ነበር ምን እንደ ተባለ አላውቅም ብሎ መለሰ። ሰውየው ቃል የሰጠው በአማርኛ ነው፤ ያውም ጮክ ብሎ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮሚሽነሩ የሚያውቀው ቋንቋ የትኛው ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሄጄ በቱሊ ጉሌድ ስም ይግባኝ እንዲጠይቅ፣ እኔም ቀርቤ እንድመሰክር ለመንሁት።

“ጋሼ፣ ኳስ እኮ ነው። ከትልቅ ክለብ ጋር መነካካት ለማንም አይበጅም” አለኝ።

ይህን ሲለኝ የክለቡ ማሊያ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በስጦታ ያገኘው ነው። ሰው እንዴት ያለ ርካሽ ነገር እየሰቀለ እንደሚቀመጥ እያየሁ ወጣሁ። ይግባኝ የሚጠየቅበትም ጊዜ በዚያው አለፈ።

ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄድሁ። ያስተላለፍሁትን ቃል መጨረሻውንም ማስተላለፍ ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተሰብስበው ጠበቁኝ፤ ማሃድም ነበረ። ክሱንና ውሳኔውን፣ ስለ ምርኩዞቻቸው የተባለውንም ጭምር፣ በሶማሊኛ ነገርኋቸው። ሐጂ ዩሱፍ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“የዚያ ሰው ሽማግሌዎች የት ናቸው? እንላክባቸው” አሉ።

“ሽማግሌ የለውም፤ ቦርድ ነው ያለው።”

“ቦርዱ ያስታርቃል?”

“አያስታርቅም።”

“ታዲያ ሰውየው ሲያጠፋ ማን ይነግረዋል?”

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ምስኪን፣ የማንም ያልሆነ ሰው ነው ማለት ነው አሉ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ማሃድ ብቻ አልሳቀም።

የማሃድ ጉዳይ ከኳሱ አልፎ ነበር። ድሉ ሲነጠቅ ጥፊው ብቻ በላዩ ቀረ። ሐሉ ስላልቀረበ፣ ተመትቶ ዝም ያለ ሰው ሆኖ ተቆጠረ። የገዛ ሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ሒሳብ ሲሰጡት “ጉንጭህ ተሻለው ወይ?” ይሉት ጀመር። ከእኔ ጋር ሲነጋገር፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ መሰለኝ፣ አማርኛ መረጠ። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላል፤ ንቀት የለበትም።

“መዓሊን፣ ያ ሰው ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። አማርኛ አውቃለሁ። እሱን አላመንኩትም። አንተ ስትደግመው ነው ያመንኩት።”

መዓሊን ማለት መምህር ማለት ነው። በሕይወቴ ሙሉ ስጠራበት የኖርሁት ስም እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ሐሉን እኔ እንደማቀርብ ለሽማግሌዎቹ ነገርኋቸው። ሐጂ ዩሱፍ አልተቀበሉም፤ እኔ አልመታሁም፣ የመታውም ዘመዴ አይደለም። ቃሉ የደረሳቸው ከእኔ አፍ መሆኑን አስረዳሁ። ረጅም ክርክር ተነሣ። የሌላውን ቃል ተሸክሞ የመጣ ሰው እንደ ዋስ ይታያል ወይስ አይታይም እያሉ እርስ በርሳቸው ሲሟገቱ፣ ለአንድ መኪና ነጂ ጉንጭ የተጨነቁትን ያህል፣ ለአንድ ቡድን ድል የተጨነቀ አንድ ባለሥልጣን ምነው ባየሁ ብዬ ተመኘሁ። በመጨረሻ ዋስ ነው ብለው ፈረዱ።

በማግሥቱ ዓርብ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ የሶማሌ በግ ይዤ ተመለስሁ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ታረደ። ሐጂ ዩሱፍ ከመስጊድ ለወጣው ሰው የማሃድ ጉዳይ መዘጋቱን፣ ከዚህ በኋላ ያነሣው እሱን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን እንደ ነካ የሚቆጠር መሆኑን አስታወቁ። ማሃድ ሥጋውን በእጁ ቆርሶ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባሱ ወደ ጅግጅጋ ወሰደኝ። መኪናው ሞልቶ ነበር። በመንገድ ሙሉ ማንም ስለ ጉንጩ አልጠየቀውም።

ዋንጫው ቀርቷል። የቱሊ ጉሌድ ልጆች ያሸነፉት ጨዋታ ዛሬም እንደ ተሸነፉ ተጽፎ ይገኛል።

ዘንድሮ ያ ክለብ በዚያው ውድድር እንደገና ጅግጅጋ መጣ። አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ የቡድን መሪው አየኝና እጁን ዘርግቶ ደረሰ። ሳልጋብዘው ተቀመጠ። ያን ጊዜ የሆነውን ነገር በልብ እንዳልያዝሁት እርግጠኛ ነበር፤ የክለብ ሥራ እንዲህ እንደሆነ፣ እኔም የተማርሁ ሰው በመሆኔ እንደምረዳው ነገረኝ። ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባ።

“ፕሮፌሰር፣ ነገ አስተርጓሚ የለንም። አንድ ቀን ብቻ አብረውን ይዋሉ።”

“ሶማሊኛ አልችልም” አልሁት።

የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። እስክስቅ ድረስ ጠበቀኝ። ሻዬን ጨረስሁ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ የሚያውቀው ሰው አየና ተነሥቶ ሄደ።

በዚያ መልስ አልጸጸትም፤ በበጉም አልጸጸትም። ሰውየውን እንቀዋለሁ፤ ንቀቱም በጊዜ ብዛት አልቀለለም። ነውሩን ሌላ ሰው እንደ ዘጋለት አያውቅም፤ ከእኔም አይሰማም። ብነግረው ኖሮ “ስንት ነው?” ብሎ ኪሱን ይዳብስ ነበር።