ግራ ጎኔን በክራር ፈለግሁት

መጀመሪያ የጠፋብኝ የልጆቹ ስም ነው። ጥቅምት ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አራተኛ ክፍል ገብቼ ስም መጥሪያውን ከፈትሁ። «ከበደ» ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። «አህመድ» አልሁ። ዝም። «ተሰማ» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የልጆቹን ስም ትቼ የአባቶቻቸውን ብቻ እየጠራሁ ነበር። እኔ ግን ያየሁትን ነው ያነበብሁት። ከገጹ በስተግራ የተጻፈው ለእኔ አልተጻፈም።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስም መንገድ ጠፋብኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ነው፤ የጀጎልን ስርቻ ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም። ሆኖም ኤረር በር አጠገብ ባለች አንዲት ሱቅ ፊት ሦስት ጊዜ አለፍሁ። በሦስተኛው ባለሱቁ ሽማግሌ ወጥተው «አፊያ ነሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኋቸው። አልዋሸሁም፤ አንድም የሚያመኝ ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው አቦከር እስካለው ደጄ ድረስ አደረሱኝ። ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ሁሉ ከዓይኔ ተሰውሮ፣ ወደ ቀኝ ብቻ እየታጠፍሁ ስዞር እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ዓርብ ዕለት የመምህራን ሂስና ግለ ሂስ ነበር። በዚያ ዘመን በየሳምንቱ እንቀመጥ ነበር። ዳይሬክተራችን ፊደል ያስቆጠርሁት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ስሙ እዚህ ወረቀት ላይ እንዲቀመጥለት አልፈልግም። ተነሣና ሰኞ የሆነውን ለጉባኤው አወራ። ሰው ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ጓዲት ዘነበች ጃጅታለች። ልጆቻችንን በጃጀ ጭንቅላት አናስተምርም።»

«ጃጅተዋል» እንኳ አላለኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁ ሴት ነኝ። ሃምሳ አምስት ልደፍን ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ክፍል እንዳልገባ፣ የጡረታዬ ወረቀት እስኪያልቅ ቤቴ እንድቆይ ተወሰነ። እጅ ካወጡት ውስጥ የእኔን እንጀራ የበሉ ነበሩበት።

በስድስተኛው ቀን ወደቅሁ።

ጠዋት ነው። ፊቴን እታጠባለሁ። ሳፋው ውስጥ እጅ አየሁ። የማን እጅ ነው አልሁ። የእኔ ነበር። ላነሣው አልቻልሁም። እግሬ ከዳኝ። አፌ ወደ አንድ ጎን ሄደ። የእህቴን ልጅ አልማዝን ጠራሁ፤ የወጣው ድምፅ ግን ስም አልነበረም።

ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። አልማዝ አልሰማቻቸውም፤ በጋሪ ጭና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደም ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ። ስትሮክ ነው አለ። ከዚያ ወደ አልማዝ ዞሮ ከዚህ በፊት ያሳየሁት ምልክት አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀ። የስም መጥሪያውንና የመንገዱን ነገር ነገረችው። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ያን ዕለት ነበር መምጣት የነበረባቸው» አለ። «ያቺ የመጀመሪያዋ ትንሽ ነበረች። ማስጠንቀቂያ ነበረች።»

አፌ ባይታዘዝም ጆሮዬ ይሰማ ነበር። እንግዲህ ሰኞ ታምሜ ነበር። አርባ መምህር ሰምቷል። አንድ ሰው «ታማለች፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ቢል ኖሮ ግራ እጄ አይሞትም ነበር ይሆናል። የተባለው ግን ሌላ ነው። በሽታውን ያመጣብኝ እሱ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። በሽታውን አይቶ ስድብ ያወጣለት ግን እሱ ነው።

አንድ ወር ተኛሁ። ስወጣ እግሬ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እጄ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። ሐኪሙ የባሰውን ችግር «ኒግሌክት» ብሎ ጠራው። ዓይኔ ደህና ነው፣ አእምሮዬ ግን ግራ የሚባለውን ወገን ረስቶታል ማለት ነው። ከሳህኑ በቀኝ ያለውን ጨርሼ ምግብ አነሰኝ ብዬ አልማዝን እቆጣት ነበር። ሳህኑን ስታዞርልኝ ሌላው ግማሽ ይመጣል። ጠጉሬን በአንድ ወገን ብቻ አበጥር ነበር።

ያን በጋ መሞት ፈለግሁ። ክኒኑን ከምላሴ ሥር ደብቄ መትፋት ጀመርሁ። አልማዝ ደርሳበት አለቀሰች። ያስነሣኝ ግን የእሷ ልቅሶ አይደለም። ከሞትሁ ዳይሬክተሩ ቀብሬ ላይ ቆሞ «ጓዲት ጃጅታ ነበር» እንደሚል ታየኝ። በማግስቱ ክኒኑን ዋጥሁ። በየቀኑም የዋጥሁት እሱን እያሰብሁ ነው።

ሐኪሙ ኳስ መጭመቅ አዞኝ ነበር። ኳሱን ወረወርሁት። አልተቆጣም። «እንግዲያው ከዚህ በፊት ሞክረውት የማያውቁትን ነገር ይማሩ» አለኝ። «ግራ እጅ የሚፈልግ፣ ጆሮ የሚፈልግ፣ በቃል መያዝ የሚፈልግ። ክራር ለምን አይሞክሩም?» ቃል አልገባልኝም፤ ሊረዳዎት ይችላል ብቻ ነው ያለው።

አልማዝ ክራር የሚያስተምር ስታፈላልግ ሃምሳ አለቃ ይመርን አገኘች። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐረር ለውትድርና መጥተው፣ በጦሩ ሙዚቃ ክፍል ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ቀሩ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ዘመድ ግን አፈረብኝ። አስተማሪ የነበረች የጨዋ ልጅ በስተርጅና አዝማሪ ልትሆን ነው ተባለ። ይበሉ አልሁ። ከ«ጃጀች» ሌላ የሚያስፈራኝ ስም አልቀረም።

ሃምሳ አለቃ አላዘኑልኝም። መጀመሪያ ቀን ክራሩን ታፋዬ ላይ አስደገፉና ከአውታሮቹ በስተኋላ የግራ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስቀመጡ። ቀኝ እጅ ይመታል፤ ግራ እጅ የማይፈለገውን አውታር ይይዛል፣ የሚፈለገውን ይለቃል። የእኔ ጣቶች አንዱንም አልያዙም። ስመታው ሁሉም በአንድነት ጮኸ።

«ይኸ ዜማ አይደለም፣ እትዬ» አሉኝ። «ገበያ ነው። ነገ እንመለስበታለን።»

ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ይቀመጣሉ። ከዚያው ሆነው ይናገራሉ፤ ዞሬ እስካያቸው ድረስ ያንኑ ይደጋግማሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ በቀኜ ካለው ግድግዳ ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ትንሿ ጣቴ ላይ ቀይ ክር አሰሩልኝ። ቀዩን ክር ሳላይ መምታት ክልክል ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጣት። የጠቋሚ ጣቴ አውታር ለብቻው ንጹሕ ሆኖ የተሰማ ቀን አልማዝ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። እኔ ግን ደስታ አልተሰማኝም። «አንድ» አልሁ በሆዴ፣ ለዳይሬክተሩ።

ለሚያነብቡኝ ሕሙማን በትክክል ልንገራችሁ፤ ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ፣ ባላሰብሁት በኩል ነው። ትዝታን ከተማርሁ በኋላ ባቲን ስጀምር ሁለቱ ቅኝቶች ይደባለቁብኝ ነበር፤ ሃምሳ አለቃም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳልሳሳት እንድሻገር ሳምንታት አደከሙኝ። በዚያው ሰሞን ወጥ ጥጄ፣ ሰው አነጋግሬ፣ ወደ ወጡ መመለስ እንደቻልሁ አልማዝ አስተዋለች፤ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ አልችልም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ያቺን ቀይ ክር ከጣቴ ፈትቼ በዳዊቴ ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ አኖርኋት፤ ዓይኔ ክሯን ፈልጎ ካገኘ በኋላ መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብሁት፣ ሙሉውን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ። እንቅልፌ ተስተካከለ፤ ከሰው ጋር መቀመጥ ጀመርሁ፤ በአንዱ ጠዋትም የተማርሁትን ዜማ እያንጎራጎርሁ፣ ስንኙ ባለቀ ቁጥር አንገቴን ወደ ግራ እያዞርሁ፣ ብቻዬን ኤረር በር ደርሼ ተመለስሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ አይተውኝ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ሲደክመኝና ስናደድ ግራዬ ዛሬም ይጠፋብኛል። ሐኪሙ እንዲህ እንደሚሆን ነግሮኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ፣ ሃምሳ አለቃ የትምህርት ቤቱን የኪነት ልጆች ያለማምዱ ስለነበር፣ በወላጆች በዓል ላይ እንድጫወት አደረጉ። ስጠብቀው የኖርሁት ቀን ነው። ዳይሬክተሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባቲን ተጫወትሁ፤ አንድም አውታር አልሳትሁም። ዓይኔን ከፊቱ አላነሣሁም። እንዲያፍር ነበር። እሱ ግን አጨበጨበ። ከልቡ አጨበጨበ፤ መጥቶም እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ረስቶታል። ሁለት ዓመት የተሸከምሁትን ቃል እሱ በዚያው ሳምንት ጥሎት ሄዷል። ያን ምሽት ከወደቅሁበት ቀን የበለጠ ተናደድሁ።

በተከታዩ ጥር አንድ ቅዳሜ እቤቴ መጣ። በቀኜ በኩል ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። እናቱ ከሁለት ወር በፊት እንደወደቁ፣ ሳህናቸውን ግማሽ ትተው እንደሚነሡ፣ ሐኪሙ ወደ እኔ እንዳመለከተው ነገረኝ። እንዳስተምርለት ለመነኝ። ደሜ ፈላ። ያን ዓርብ ያልኸውን ታስታውሳለህ ወይ አልሁት። አላስታውስም አለ። እኔ ነገርሁት፤ ቃል በቃል፣ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። አላቆምሁም።

«እንግዲህ እናትህም ጃጅታለች» አልሁት። «በጃጀ ጭንቅላት ምን ይሠራል?»

ዓይኑ እኔን አልፎ ወደ ግራዬ ሄደ። ዞርሁ። እናቱ እማማ ጥሩነሽ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አብረው ገብተው ኖሯል። አላየኋቸውም።

«እውነት ነው ልጄ» አሉ። «ጃጅቻለሁ።»

ለዚህ ቃል ምን ያህል ጊዜ እንደተዘጋጀሁ እግዚአብሔር ያውቃል። የወደቀው ግን እሳቸው ላይ ነው። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አልጃጁም» አልኋቸው። «ታመው ነው። እኔንም ይኸው ነው ያመመኝ።»

ይህን ለእኔ በጊዜው ያለኝ ሰው አልነበረም። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለ። «ይበሉኝ» አለ። የሰማሁ መሆኔን አላሳየሁትም። ይበልጥ ጎንበስ ብለህ ተናገር፣ አይሰማም አልሁት። ደገመው። ሦስት ጊዜ አስደገምሁት፤ በመጀመሪያው ሰምቼው ነበር።

እማማ ጥሩነሽን አስተማርኋቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፎ ያመጣቸዋል፤ ክራሩንም እሱ ራሱ እንዲይዝላቸው አዘዝሁ። በዓመቱ የትዝታን ግማሽ ያህል ተጫወቱ፤ ከዚያ አላለፉም። ሳህናቸውን ግን ዞር አድርገው መጨረስ ቻሉ፤ መሳቅም ጀመሩ። ልጃቸውን ይቅር በዪ ሲሉ የነፍስ አባቴ ብዙ ጊዜ መክረውኛል። እየሞከርሁ ነው እላቸዋለሁ። በእናቱ ላይ የሠራሁትን ግን ተናዝዣለሁ።

ሃምሳ አለቃ ይመር አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያንን ወጣት ሐኪም ወዴት እንዳዛወሩት አላውቅም፤ የትም ይሁን ዕድሜ ይስጠው። አልማዝ የእናት ሥራ ሠርታልኛለች። ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ሰው ድንገት ቃል ሲሳሳት፣ መንገድ ሲስት፣ አፉ ሲጣመም ካያችሁ አትሳቁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱት። ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ክራር የክኒን ምትክ አይደለም፤ ሁለቱንም ያዙ። የሚከብዳችሁን ነገር ተማሩ፤ የማያዝንላችሁ መምህር ፈልጉ። ከአልጋ የሚያስነሣችሁ ቂም ከሆነም ተነሡበት፤ እኔ ተነሥቻለሁ፤ ብቻ ከመናገራችሁ በፊት ክፍሉን ሙሉ እዩ። የምታስታምሙ ደግሞ በሽተኛችሁ በማያይበት ጎን ተቀመጡ። ዞሮ እስኪያገኛችሁ ድረስ ስሙን ጥሩ።