የተሰነጠቀችው «ሳ»

መዳብ በሎሚ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመታኝ፣ ሳሊተ ምሕረት መንገድ ዳር የነበረችው የአባቴ የቆርቆሮ ሱቅና ደጃፏ ላይ ይሰለፍ የነበረው የጅል መንጋ ይመጣብኛል። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ፍቅሩ ግን አሮጌ ሳንቲም መመርመር ነበር። ሰፈራችን እርሻነቱን ጥሎ በየማዕዘኑ ፎቅ በሚበቅልበት በዚያ ዘመን፣ ፊደሉ ድርብ ሆኖ የታተመ የጃንሆይ ጊዜ ሳንቲም ያለው ሰው ከፈረንጅ ቪላ ይቀበልበታል የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ በጋውን ሙሉ ሰዉ ያለውን ሳንቲም በሎሚ አሽቶ፣ አብለጭልጮና አበላሽቶ ይመጣ ነበር።

አባቴ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ገና ሳያጎነብስ ከንፈሩን ይጥል ነበር። «ማሽኑ ሲንሸራተት የዳጠው ነው፣ ቪላህን ሌላ ቦታ ፈልግ» ይላል። እኔም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጎኑ ተቀምጬ ሙያውን ከነንቀቱ ተማርኩ። ሲመታ የተንሸራተተ ፊደል ጥላው ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ደረጃ ዝቅ ብሎ ፊደሉን ያቀጥነዋል። ማተሚያው ብረት ራሱ ሁለት ጊዜ ከተቀረጸ ግን ሁለቱም ፊደል ሙሉ ሆኖ ይወጣና፣ የእግሩ ጫፍ እንደ ፍየል ሰኮና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን አባቴ በዕድሜው ሁለቴ ብቻ አይቶ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጎረቤታችን አዴ ብርቄ መጡ። መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው ባልቴት ነበሩ፤ የቀረቻቸው ቤት ታፈስ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የሟች ባላቸውን አሥር ሳንቲም አወጡ። አባቴ ጭቃ የበላውን ጫማቸውን አየና፣ ሳንቲሙን በጣቱ አገላብጦ፣ ማጉያውን እንኳ ሳያነሳ፣ «እርስዎንም ቪላ አማረዎት? ምንም አይደለም፣ ይያዙት» አላቸው።

ልመልስላቸው ስቀበለው ግን ማጉያዋን ሰክቼ አየሁት፤ «ሳንቲም» ከሚለው ላይ የ«ሳ» ረጅም እግር ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቋል። «አባዬ፣ ሰኮና አለው» አልኩት።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ።

ያ ሳቅ አንገብግቦኝ በማግስቱ ለአጎቴ ለተሾመ ነገርኩት። የእናቴ ወንድም ነው፤ ሁለት ሞባይል ይዞ በሁለቱም የሚዋሽ፣ ገበሬ ከእርሻው ሲነቀል ከሻጭም ከገዢም የሚበላ የቦታ ደላላ። እሱ ግን አመነኝ። ያን ቀን ከሰዓት አዴ ብርቄ ዘንድ ሄዶ፣ «ለማስታወሻ ነው» ብሎ፣ ሦስት ያገለገሉ ቆርቆሮዎች ሰጥቷቸው ሳንቲሙን ወሰደባቸው።

መስከረም ላይ ሳንቲሙን በሸጠበት ብር የገዛውን መኪና እየነዳ፣ ጡሩንባ እየነፋ ግቢያችን ገባ። «ዓይናማ ልጅሽን አመስግኚ!» አላት እናቴን፣ አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ እየሰማ። አባቴ አልተቆጣኝም። ወረቀት አቀብሎኝ ስንጥቁን እንድስልለት ጠየቀኝና፣ የሳልኩትን ለረጅም ጊዜ አይቶ፣ እጄን ይዞኝ ወደ አዴ ብርቄ ቤት ሄደ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላየው ነው የመለስኩልዎት» አላቸው።

«ሳንቲሙንማ አላየኸውም፤ እኔን ነው ያየኸው» አሉት፣ ግቡም ሳይሉን። ከዚያ፣ «ለደላላው ማን ነገረው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ እጄን ጠበቅ አደረገ። እኔም ከኋላው ተሸሸግኩ።

አሁን ሱቋ የነበረችበት ቦታ ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ አጎቴም በየሰርጉ ፊት ወንበር ተስቦለት የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ሆኗል። ያኔ ሰልፈኞቹን፣ አጎቴን፣ ኋላም አባቴን በየተራ እንቃቸው ነበር። ዛሬ አባቴን ሳስበው፣ ሌላው ቢቀር ሄዶ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። እኔ ግን አዴ ብርቄ እስኪያርፉ ድረስ፣ ስንት ዓመት በዚያ ደጃፍ ሳልፍ፣ «እንደምን አደሩ» ከማለት ያለፈ ቃል ከአፌ አልወጣም።