የወይዘሮ ኤሊ ሳህን

ቁልፍ ሠሪው ሰው አያምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም ደረቱን ነፍቶ የሚያወራው ነው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሁሉ በእሱ ዓይን ግማሽ ሌባ ነው። «የገዛ ቤትህ ነው? ታዲያ ምነው አላበህ?» እያለ ሳያፋጥጥ ማሽኑን አያስነሳም። ሰፈሩ «መርማሪው» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተመልሳ የመጣች፣ ጥርጣሬን ከአንድ ጡት አብራው የጠባች ናት። ልዩነታቸው እሱ ጮክ ብሎ ሲጠረጥር እሷ በሆዷ መጠርጠሯ ብቻ ነው።

የቤቱ ሦስተኛ ነዋሪ ወይዘሮ ይባላሉ። ወይዘሮ ማለት ኤሊ ናቸው፤ እውነተኛ፣ ባለ ድንጋይ ልብስ ኤሊ። የቁልፍ ሠሪው እናት ተድራ ስትመጣ ግቢው ውስጥ ቀድመዋት ስለ ተገኙ «በዕድሜ ይበልጡኛል» ብላ አንቱ አለቻቸው። ልጆቿም አንቱ እያሉ አደጉ። እናት ካለፈች በኋላ ከእሷ የቀረ፣ ነፍስ ያለው ቅርስ እሳቸው ብቻ ናቸው። እናም በቅርቡ ወይዘሮ አፍንጫቸው አረፋ ሲደፍቅ፣ ትንፋሻቸው እንደ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ቤቱ ተሸበረ።

የእንስሳት ሐኪሟ ሳንባቸው መታመሙን ነግራ መርፌ ጀመረችላቸው። መርፌው ሠራ። ፉጨቱ ቆመ፣ ዓይናቸውም ተከፈተ። ምግብ ግን እምቢ አሉ።

«ከመድኃኒት በኋላ ያጋጥማል» አለች ሐኪሟ፣ እሷም ሳታስበው አንቱታው ተጋብቶባት። «ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጧቸው። ከዚያ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ለስላሳ ቅጠል፣ ደማቅ አበባ አቅርቡላቸውና በትዕግሥት ጠብቁ። አፋቸውን እንዳታስገድዱ። ካልበሉ ግን በአንገታቸው በኩል ቱቦ ማስገባቴ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ደግሞ ማደንዘዣውን ይችሉታል ብዬ አልምልላችሁም።»

ወንድምና እህት ቱቦ የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ ተሸክመው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መርማሪው የገንዳውን ውኃ በክርኑ ይለካል። እህቱ የእሱን ክርን ስለማታምን በራሷ ክርን ደግማ ትለካለች። ወይዘሮ ታጥበው መስኮቱ ሥር ሲቀመጡ እሱ ሰላጣውን በጣሳ ክዳን አቅርቦ ሱቁን ሊከፍት ይሄዳል። ደንበኛ ሸኝቶ ብቅ ሲል ክዳኑ ባዶ ነው። ደስ ሲል። ብቻ ከክዳኑ አጠገብ እህቱ ያቀረበችው ሳህን አለ፤ ሙሉ የዱባ አበባ፣ ቢጫ።

አበባውን አላመነውም። የጎረቤት አጥር ላይ ዱባ አለ፤ ጎረቤትየው ደግሞ አንድ ነገር ሲረጭበት በዓይኑ አይቶታል። ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ውኃ ነው» አለው። ውኃ የሚረጭ ሰው አፍንጫውን በሻሽ ይሸፍናል? መርማሪው አበባውን ጥርግ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ምሳ ላይ እህቱ «አበባዬን ሙልጭ አድርገው በሉልኝ» ስትል ኪሱን በመዳፉ ከድኖ «እሰይ» ይላል። የእሷን ደስታ ማፍረስ ምን ይረባል? ዋናው ሰላጣውን መብላታቸው ነው።

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ ሚዛን ላይ ሲወጡ ጭራሽ ቀልለው ተገኙ።

«ይበላሉ?» አለች ሐኪሟ።

«በደንብ» አሉ ሁለቱም እኩል።

«የሚበላ እንዲህ አይቀልልም። አንድ ሳምንት ልጨምርላችሁ። ከዚያ በኋላ ቱቦው ነው።»

መርማሪው መጀመሪያ የጠረጠረው ሚዛኑን ነው። መንገድ ላይ አትክልት ሻጩ ሚዛን ላይ አወጣቸው፤ ያው ሆነ። አንዲት ሸማች «ኪሎው ስንት ነው?» ብትለው በዓይኑ ገረፋት። ቀጥሎ ሐኪሟን ጠረጠረ። ቀይራብን ቢሆንስ? የጀርባቸውን ጠርዝ ዳስሶ የጥንቱን ስንጥቅ አገኘው። ራሳቸው ናቸው። ድመትም ጠርጥሮ ነበር፤ ሰላጣ የሚበላ ድመት ግን እሱም አላየም።

የቀረው የቤት ሰው ነው።

በማግስቱ ሰላጣውን አቅርቦ ሱቁን በጩኸት ከፈተ፣ ቁልፍ የሌለበትን ማሽን አስነሳ፣ ጫማውን አውልቆ በመሃል በሩ ቀዳዳ አጮለቀ። እህቱ መጣች። አንዱን ቅጠል አነሳች፣ አሸተተች፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየች። ከዚያ ሁሉንም አፍሳ ሽርጧ ውስጥ ከተተችው።

በሩን በረገደው። «ያዝኩሽ፣ እትዬ።»

«ምኔን?»

«ሰላጣውን ስታፍሺ።»

«ክኒን ደፍነህበት ነዋ። ሐኪሟ ዘንድ ሳንሄድ ሙዝ ውስጥ ስትጠቀጥቅላቸው ያላየሁህ መሰለህ?»

«እሱ ያኔ ነው። ሰላጣው ንጹሕ ነው።»

«በምን ልወቅ? ለማንኛውም የኔ አበባ ይኸው አቁሟቸዋል።»

መርማሪው ኪሱን በመዳፉ ከደነ። እህቱ ይህን አመል ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። እጇን ሰድዳ ከኪሱ የትናንቱን አበባ ጠውልጎ አወጣችው።

«አያ መርማሪ፣ ይሄስ?»

«ጎረቤትየው ይረጭበታል።»

«እኔ የምቀጥፈው ከማዶ፣ ከልብስ አጣቢዋ ግቢ ነው። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሁለቱም ወደ ወይዘሮ ዞሩ። ወይዘሮ አንገታቸውን እንደ ሰበሰቡ ናቸው። እኚህ ሴትዮ አንገት ለማውጣት ብቻ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እነሱ ግን አንገቱ ሳይወጣ ማዕዱን እያነሱባቸው ነበር። የፈሩትን ቱቦ በገዛ እጃቸው ሲጎትቱት ሰንብተዋል።

መርማሪው ማሽኑን አጥፍቶ ሱቁን ዘጋ። እሷ ሰላጣውን ስታጥብ እሱ ቆሞ አየ፤ እሱ አበባውን ሲያጥብ እሷ ቆማ አየች። አንድ ሳህን ላይ ቀላቅለው ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ተቀመጡ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አጣብቀው። ሰው የሱቁን በር አንኳኳ። «ዝግ ነው» አሉ በአንድ አፍ።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሥር ተንፏቅቃ ግድግዳው ዘንድ ደረሰች። ያኔ ያ የተጨማደደ አንገት ብቅ አለ። ወይዘሮ አበባውን አሸተቱት፣ አለፉት፣ ቅጠሉንም አለፉት፣ ተመለሱ። አፋቸውን ከፍተው አየር ነከሱ። ደገሙ። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድለት ቀረ።

«ዋጡ?» አለ መርማሪው በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«አፋቸው ውስጥ ይዘውት ቢሆንስ? ልይ?»

«ብትነካቸው እጅህን እሰብረዋለሁ። ፊትህን አዙር፣ ሰው ሲያፈጥባቸው ያፍራሉ።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷም መዞሯን ለማረጋገጥ በዓይኑ ጥግ ቢያይ፣ እሷም በዓይኗ ጥግ እያየችው ነው። ከኋላቸው ቅጠል ሲቀነጠስ ተሰማ፤ አንዴ፣ ቆየት ብሎም ሌላ።